ከበራችን በላይ ያለው ግንድ

አያቴ ውሸታም መሆኑን ያወቅኩት በስምንት ዓመቴ ነው። አልተቀየምኩትም። እንዲያውም ኮራሁበት! ሌላው ልጅ በአያቱ ሞተር ብስክሌት ሲኮራ እኔ በአያቴ ውሸት እኮራ ነበር፤ ያንንም ኩራት አርባ ሦስት ዓመት እስኪሞላኝ ይዤው ዞርኩ።

አያቴ አልቪን ቴስከ ይባላል። ከእንጨት መሰንጠቂያው ፋብሪካ ጡረታ በወጣ ማግስት ሳጥኑን ከፍቶ የወጣትነቱን የአናጢ ልብስ አወጣ፤ እግሩ ሰፋፊ ጥቁር የከፋይ ሱሪ፣ ጥቁር ሰፊ ባርኔጣ። ሱሪው ወገቡ ላይ እምቢ ስላለ እናቴ ከኋላ ቀድዳ ጨርቅ ጨመረችለት። ከዚያ ወዲያ በየእሁዱ ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን ማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ላይ ይቆምና የከተማችንን የሎይተንሮዳን አሮጌ ቤቶች በእግር ያስጎበኛል። ከሠራተኛ ማኅበሩ ማረፊያ ቤት የሚመጡ እንግዶች ግር ብለው ይከተሉታል። እኔ ደግሞ ከፊት ከፊት እሮጣለሁ። ቤቱ ጋ ቀድሜ እደርስና እሱ ሳይጀምር ታሪኩን እጀምርበታለሁ።

"ይሄ ቤት ለምን ዘመመ?" ይላል አያቴ፣ ሦስት ጣት ብቻ ያለውን ግራ እጁን ወደ ላይ እየጠቆመ።

"የጎረቤቱን ወሬ ሊሰማ!" እጮሃለሁ።

"ስንት ዓመቱ ነው እንዲህ ጆሮውን ከጣለ?"

"ሦስት መቶ ሰባ ሁለት!"

"እና ምን ሰማ?"

"ምንም! ጎረቤቱ የድንጋይ ቤት ነው፣ አይናገርም!"

እንግዶቹ ይስቃሉ። እኔ ግን መቀለዴ አልነበረም። ቤቱ ወሬ ሊሰማ መዝመሙን ልክ ስሜን እንደማውቀው አውቅ ነበር።

ቤቶቻችን የእንጨትና የጭቃ ናቸው። ወፋፍራም የወይራ ያህል የጠነከሩ ግንዶች ይቆማሉ፣ ይጋደማሉ፣ መሀል ለመሀል ጭድ የበላ ጭቃ ይመረግባቸዋል። አያቴ ለእንግዶቹ ሁሉ አንድ ነገር ሳያሳይ አያልፍም፤ በየመጋጠሚያው የተቆረጡትን ጭረቶች። አናጢ ቤቱን መጀመሪያ ሜዳ ላይ አጋድሞ ይገጥመዋል፤ ከዚያ በየመጋጠሚያው ላይ ቁጥር ይቆርጥበታል፤ አንድ ጭረት፣ ሁለት ጭረት፣ ሦስት። ፈትቶ በጋሪ ያመጣና ቁጥሩን እያየ ያቆመዋል። "ግንድ እንደ ተማሪ ነው" ይል ነበር፣ "መቀመጫውን ያውቃል።"

በየቤቱ ግንባር ላይ ጽሑፍም አለ። "ባለቤቱ የእግዚአብሔርን ቃል ያስጽፋል፤ አናጢው ስሙን ይጽፋል" ይላል አያቴ፣ "ስሙንም የሚጽፈው በገዛ እጁ ባስገባው ግንድ ላይ ብቻ ነው። በሰው ግንድ ላይ ስሙን የጻፈ አናጢ ሌባ ነው!"

"የአንተስ ስም የታለ አባባ?" አልኩት አንድ ቀን።

"የእኔማ ሰነፍ ነው፣ ተኝቷል።"

ከት ብዬ ሳቅሁ። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው፣ ቀልድ አያልቅበትም።

በ1984 በረዶው እንደቀለጠ ጓድ ብሬዶ ከማዘጋጃ ቤት መጣ። ቀጭን፣ አፍንጫው አቧራ የማይችል ሰው ነው፤ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ ይሄዳል። እኛ የምንኖረው በቆዳ ፋቂዎች ሰፈር ነው፤ አሥራ ሦስት ቤት ግራና ቀኝ ተደጋግፎ የቆመባት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ መንገድ። የእኛ ቁጥር ሰባት ነው። ጓድ ብሬዶ በየበሩ ላይ ወረቀት ለጠፈ። ሰፈሩ በመስከረም ይፈርሳል፤ በቦታው ባለ አምስት ፎቅ የሲሚንቶ ቤት ይሠራል።

እናቴ ከካልሲ ፋብሪካ ስትመለስ ወረቀቱን ካፖርቷን ሳታወልቅ አነበበች። ከዚያ ቁጭ አለች። "ሙቅ ውሃ" አለች ቀስ ብላ፣ "ከቧንቧ የሚወርድ ሙቅ ውሃ። መታጠቢያ ገንዳ። ሽንት ቤቱ እዚያው ውስጥ!" እኛ ያኔ ሽንት ቤት ለመሄድ ግቢ እንወርዳለን፤ ገላችንን የምንታጠበው ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥ ቤት ውስጥ በቆርቆሮ ገንዳ፣ ውሃው በከሰል ምድጃ ፈልቶ ነው።

አያቴ ድንች ሾርባውን ገፋ አደረገ። ሦስት ቀን እንዲያ እየገፋ ሰነበተ፤ በአራተኛው ቀን በአውራጃው ከተማ የቅርስ ቢሮ ለምትሠራ ዶክተር ቪርዚንግ ለምትባል ሴት ደብዳቤ ጻፈ።

መልሷ ሲመጣ እራት ላይ ነበርን። ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው። በሰፈሩ ውስጥ ከ1500 በፊት የተሠራ አንድ ቤት እንኳ መኖሩ ከታየ አሥራ ሦስቱም ቤት በሕግ ይጠበቃል፤ መጥታ በዓይኗ ታየዋለች።

"አለን!" ብሎ ጠረጴዛውን በቡጢ ሲመታው ሾርባዬ ተደፋ። "አለን እኮ! 1497! እዚችው ከበራችን በላይ፣ ልስኑ ሥር!"

ሰፈራችን እኔ ሳልወለድ ከላይ እስከ ታች በልስን ተለብጦ ነበር፤ ያን ጊዜ እንጨት ማየት የኋላ ቀርነት ምልክት ነበር አሉ። ከበራችን በላይ ግንድ መኖሩን እንኳ የማውቀው በወሬ ነው። አያቴ ከመሰንጠቂያው ሸራ ተውሶ የቤቱን ግንባር ሸፈነና ከኋላው ገብቶ ልስኑን ማንሳት ጀመረ። ማንም እንዳያይ! እስከ ጉብኝቱ ቀን ድረስ ማንም! እኔ በደስታ መተኛት አቃተኝ። በልደቴ ዋዜማ እንኳ እንደዚያ አልሆንኩም።

ማክሰኞ ጠዋት ለትምህርት ቤት ካልሲዬን እየሳብኩ ሳለ ከመስኮቴ ሥር ተክ፣ ተክ፣ ተክ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብቅ አልኩ። በሸራውና በግድግዳው መሀል ወደ ታች አየሁ። መጀመሪያ ባርኔጣው ታየኝ። ከዚያ እጆቹ። ከዚያ መሮው።

ልስን አልነበረም የሚያነሳው። እንጨት ነበር የሚቆርጠው። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ይወድቃል፤ ቡናማ ጀርባ፣ ነጭ ሆድ።

ወይ ጉዴ! አያቴ 1497ን በገዛ እጁ እየቀረጸው ነው!

መሮውን ካስቀመጠ በኋላ ጥላሸት በተልባ ዘይት በጥብጦ ቦታውን በጨርቅ አሸው፣ አሸው፣ እስኪጠቁር ድረስ። ጎንበስ ብሎ ደግሞ ፍቅፋቂውን ለቀመ። አንዲት አላስቀረም፤ የጥፍር ቁራጭ የምታህለዋን ሳይቀር መሀረቡ ውስጥ ቋጠረ። እንዴት ያለ ብልጥ ነው! ማስረጃ አያስቀርም!

ወጥ ቤት ስወርድ ምድጃው ፊት ተቀምጦ ፍቅፋቂውን አንድ በአንድ እሳት ውስጥ ይጨምራል። ዓይኑ ቀልቷል።

"ጭሱ ነው" አለኝ ሳልጠይቀው።

እናቴ በሩ ላይ ተደግፋ ታየዋለች። "አባዬ፣ የግድ ነው?" አለችው። "ሌላ የለህም እኮ።"

"አሥራ ሦስት ቤት አለኝ" አላት።

ሌላ ዘዴ የለህም ማለቷ መሰለኝ። እሱም ሲዋሽ አሥራ ሦስት ቤት ስለሚያድን አያፍርም፤ እንዲህ ብዬ በልቤ ፈረድኩለት። ዛሬ ሳስበው፣ ማስረጃ የሚያጠፋ ሰው ሁሉን በአንዴ ወርውሮ የምድጃውን በር ይዘጋል። አያቴ ግን እያንዳንዷን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ እያገላበጠ አይቶ ነበር የሚጨምራት። በዚያች ጠዋት ግን ይህን ልብ የምልበት ጊዜ አልነበረኝም። ምስጢር ነበረኛ! ትምህርት ቤት እስክደርስ እየዘለልኩ ሄድኩ።

ቅዳሜ ሆነ፤ የግንቦት ፀሐይ። ዶክተር ቪርዚንግ አጭር ሴት ናት፤ የእጅ ባትሪ በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ጓድ ብሬዶ ቦርሳውን እንዳቀፈ ነው። ከኋላ የሰፈሩ ሰው በሙሉ፣ ሕፃን አቅፎ፣ ሽማግሌ ደግፎ፣ ውሻ አስከትሎ።

"በቀጥታ ወደ ቁጥር ሰባት እንሂድ" አለ ጓድ ብሬዶ።

"ይቅርታ ጓድ ብሬዶ" አለ አያቴ ባርኔጣውን አንስቶ፣ "ጉብኝት በማዘጋጃ ቤቱ ይጀመራል። ሾርባ ሳይቀርብ ሥጋ አይበላም።"

እና ከተማውን በሙሉ አዞራቸው! ሚዛን ቤቱን፣ ወርዱ ሁለት ክንድ የማይሞላውን የልብስ ሰፊውን ቤት፣ ምላሱን ያወጣ ሰይጣን የተቀረጸበትን የዳቦ ጋጋሪውን ቤት። "ይሄ ሰይጣን ማን ላይ ነው ምላሱን ያወጣው?" ሲል "ግብር ሰብሳቢው ላይ!" ብዬ ጮህኩ፤ ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ጓድ ብሬዶ አስነጠሰው። ዶክተሯ እንኳ ፈገግ ብላ አየኋት። አያቴ በየመጋጠሚያው ላይ ጣቷን እያስቀመጠ ጭረቶቹን ያስቆጥራት ነበር። ልቤ ግን ሌላ ጋ ነው። ቢያውቁበትስ? ቢያውቁበት አያቴን ያስሩታል፤ ሰፈሩም ይፈርሳል። ቁጥር ሰባት ደረስን።

አያቴ ገመዱን ሳበ። ሸራው ወረደ።

"ኧረ!" አለ ሰዉ ባንድ ድምፅ።

ግንዱ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል፣ ጥቁር፣ ወፍራም። መሀሉ ላይ 1497። አራቷ የድሮ አራት ናት፣ ግማሽ ስምንት የምትመስል። የገዛ አያቴ ሥራ! እንዴት እንዳሳመረው! በኩራት ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

ዶክተር ቪርዚንግ መሰላል ወጣች። ባትሪዋን አብርታ አየች። ጓድ ብሬዶ ግን ከሥር አንጋጦ ጣቱን ቀሰረ።

"ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ምንድነው? ያ ክንድ የሚያህለው ቦታ። ጎድጎድ ብሏል፤ ዘይቱም ገና ያብረቀርቃል። አቶ ቴስከ፣ ሰሞኑን እዚህ ግንድ ላይ መሮ አሳርፈዋል እንዴ?"

አያቴ አፉን ከፈተ። ለዘመመ ቤት ሁሉ ተረት የማያጣው ሰውዬ አንዲት ቃል አጣ። መዋሸት ሲያቅተው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጓድ ብሬዶ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ወሬኛ፣ እዚህ ቤት አይደል የምትኖሪው? እስቲ ንገሪኝ። እዚያ ላይ የሠራ ሰው አይተሻል?"

የአያቴ ፊት አመድ መሰለ።

"እኔ ነኝ!" አልኩ።

"አንቺ ምን?"

"የእርግብ ኩስ ነው! ሸራው ከተሰቀለ ጀምሮ እርግብ ውስጡ ገብታ፣ ልክ ከመስኮቴ ሥር፣ አዝረከረከችው። እማዬ ዶክተሯ ስትመጣ እንዳናፍር ፋቂው አለችኝ። በድንች መላጫ ቢላ ፋቅሁት። አልለቅ አለኝ፤ ፋቅሁት፣ ፋቅሁት... ትንሽ በዛብኝ መሰለኝ።"

አንዱ ከኋላ በሳቅ ፈነዳ፤ ሌላው ተከተለው። ጓድ ብሬዶ አልሳቀም። እናቴን ከሰው መሀል ፈልጎ አገኛት።

"እውነት ነው?"

እናቴን አየኋት። ያቺ ሴት ለአንድ የመታጠቢያ ገንዳ ምን ትሰጥ እንደነበር አሁን የሁለት ልጆች እናት ሆኜ ነው የገባኝ። "አዎ" አለች በመጨረሻ። "እኔ ነኝ ያዘዝኳት። እርግብ አልወድም።"

ዶክተር ቪርዚንግ ከመሰላሉ ላይ ቁልቁል አየችኝ። ከዚያ አያቴን። ከዚያ የአያቴን ግራ እጅ። ባትሪዋን አጠፋች።

"የቁጥሩ አጻጻፍ የዘመኑ ነው" አለች። "እንዲሁ ብዬ እጽፋለሁ።"

ያን ዕለት ከሰዓት አያቴ የራሱን የፕሪም ኬክ ቁራጭ ወደ ሳህኔ አሻገረልኝ።

"አንቺ ውሸታም" አለኝ።

"አንተስ!"

"እኔስ!" ብሎ ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ። "ከዘር ነው የኔ ድንቢጥ፣ ከዘር ነው።"

ስለዚያ ነገር የተነጋገርነው ይህንኑ ብቻ ነው። በነሐሴ ደብዳቤው መጣ፤ አሥራ ሦስቱም ቤት ተረፈ! ሰዉ ወንበር አውጥቶ መንገዱ ላይ ጨፈረ፤ አያቴ ባርኔጣውን ወደ ሰማይ ወርውሮ ጣሪያ ላይ ቀረበት። እናቴ ታለቅስ ነበር። የደስታ መስሎኝ አቀፍኳት። ግማሹ የደስታ ነበር።

አያቴ በ1991 ሞተ፤ እናቴ ደግሞ በ2003። የዚያን ግንድ ነገር የማውቅ መስሏት እናቴ አንድም ቀን አላነሳችውም። ጉብኝቱን እኔ ወረስኩ፤ ቅዳሜ አደረግኩት። ከቁጥር ሰባት ፊት ስቆም ግን ሁልጊዜ "1497" እልና ቶሎ ብዬ አልፍ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔው ለመጥራት ሠላሳ አምስት ዓመት ፈጀበት።

በ2019 ቤቱ ሲታደስ ዩለ የምትባል ወጣት አናጢ ከላይ ተጣራች። "ሪኬ! ቶሎ ነይ፣ ጉድ ላሳይሽ!"

በእንጨት መወጣጫው እያለከለክሁ ወጣሁ። የመብራቷን አምፖል ከግንዱ ጎን አጋድማ ይዛለች።

"ይሄ ግንድ የ1497 አይደለም" አለችኝ። "ጫፉን እዪው፤ በማሽን መጋዝ ነው የተሰነጠቀው።"

አለቀልኝ አልኩ። ሸክሙ ከአንገቴ እስኪወርድልኝ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ አያቴ በ1984 ቁጥሩን እንደቀረጸው፣ እኔ እንደዋሸሁለት፣ በየቅዳሜው ስዋሽ እንደኖርኩ።

ዩለ ትኩር ብላ አየችኝ። "ቁጥሩን ነው የምትዪው? ቁጥሩን በ1984 ማንም አልነካውም። የበሰበሰ ግንድ ሲለወጥ አናጢ የድሮውን ቁጥር ለአዲሱ ይገለብጥለታል፤ ወጉ ነው። ጣሪያ ሥር ያሉትን ወራጆች አስመርምረናል፤ ዛፎቹ የተቆረጡት በ1496 ነው። ቁጥሩ እውነት ነው። አያትሽ የነካው ይሄንን፣ ከጎኑ ያለውን ነው። ደግሞ አልቀረጸም፤ ፋቀ እንጂ።"

"ምኑን?"

መብራቱን ዝቅ አደረገችው። ከጎድጓዳው ውስጥ ቀጫጭን ጥላዎች ብቅ አሉ። ጣቴን ይዛ በጥላው ላይ አስኬደችው፤ አንድ ፊደል፣ ነጥብ፣ ሌላ ፊደል፣ ሌላ። አ. ቴስከ። ከሥሩ 1938።

መወጣጫው ላይ ቁጭ አልኩ። አያቴ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ይህን ግንድ አስገባ፣ ቁጥሩን ገለበጠ፣ እንደ ደንቡ ስሙን ከነዓመቱ ጻፈ። በዓመቱ ለጦርነት ወሰዱት። ከምርኮ ሲመለስ ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ሁለት ጣቶቹን ብርድ በልቷቸዋል፤ ግንድ ጨብጦ ማቆም አልቻለም። ዕድሜውን ሙሉ መሰንጠቂያው ውስጥ ለመጋዝ እንጨት ሲያቀብል ኖረ። በዚህች ምድር ላይ ስሙ ያለበት ግንድ ይሄ ብቻ ነበር። ያ 1938 ቢታይ ደግሞ ጓድ ብሬዶ "ግንዱ ትናንት የገባ ነው" ብሎ ሰፈሩን ያፈርሰው ነበር። እናቴ በዚያች ጠዋት በሩ ላይ ተደግፋ ያለችው አሁን ገባኝ።

ሌላ የለህም እኮ።

እኔ ደግሞ ሠላሳ አምስት ዓመት ውሸታም እያልኩ ኮራሁበት! በዚያች ቅዳሜ የዋሸነው እኔና እናቴ ብቻ ነበርን።

"ቅረጪልኝ" አልኳት ዩለን፣ አፍንጫዬን በእጄ እየጠረግሁ። "አሁኑኑ መልሰሽ ቅረጪልኝ። እከፍልሻለሁ።"

"አልችልም ሪኬ። ቤቱ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ አንዲት ጭረት ብጨምርበት ፈቃዴን ይነጥቁኛል።"

"ማነው በሕግ ያስጠበቀው?"

እሷ ቀደመችኝ፤ ሳቋ አመለጣት። እኔም አመለጠኝ። ስቄም አልቅሼም አልወጣልኝም።

ሕጉ መቅረጽን ከለከለ እንጂ መጮህን አልከለከለም። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው እንግዶቼን ከቁጥር ሰባት ፊት አቆምና ይህንን ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ እስከ ሦስት እቆጥራለሁ። ሁሉም ባንድ ድምፅ "አልቪን ቴስከ!" ይላሉ፤ ከሩቅ አገር የመጡት አፋቸው እየተሳሰረ፣ ልጆች በጣም እየጮሁ። የመጀመሪያው ቀን ለቅሶ አላስቆጥር ብሎኝ እንግዶቹ ናቸው የቆጠሩልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ከመጡት መሀል ጆሮው የከበደ አንድ ሽማግሌ ነበር። ጮኸን ስንጨርስ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ "ማን አላችሁ?" ሲል ጠየቀ።

ደገምንለት።